የእናት ስም በሚለው ቦታ

አሰላ፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሴና፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ነሽልኝ? ሙቀቱን ለመድሽው? እኛ ጋ ዝናቡ ወጣ ሲባል ተመልሶ ይገባል፤ ጭላሎ ተራራ ዛሬም ኩፍኝ እንደወጣበት ልጅ ተሸፋፍኖ ዋለ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አትጠይቂኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

በስልክ ማውራቱን ተይው ያልኩሽ ሰልችተሽኝ አይደለም። ሱቄን ታውቂዋለሽ፤ አንዲት ዚፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ጆሮውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ነው የሚቆመው። ስዘጋ ደግሞ እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ እንዲህ በወረቀት እየጻፍኩ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። አንቺም በእጅሽ ጻፊልኝ። የስልክ ፊደል የማንም ነው፤ የእጅሽን ጽሕፈት ግን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ቃል ልምጣ። አለቆችሽ በማስታወቂያው ላይ «ርካሽ አየር መንገድ» ይባልልን ካሉ እሺ እንዳትያቸው። ርካሽ የሚባለው ሁለቴ ታጥበውበት የሚያልቅ ሳሙና ነው፤ አለዚያም ሰው ሲሰደብ ነው። አሥር ሰዓት ባሕር ለባሕር የሚሄድ አውሮፕላን ርካሽ ነው ያልሽው ሰው ገንዘቡን ትቶ ነፍሱን ነው የሚያስበው። ጎረቤቴን፣ ባለ ጨርቁን አክመልን አማከርኩት። «ወላሂ፣ ለምግቡም ለውሃውም ለሻንጣውም ለብቻ የሚያስከፍሉ ከሆነ፣ ክንፉንስ ያካትታል?» ብሎ ደንበኞቼን ሁሉ አሳቀብኝ። ስቆ ስቆ ሲጨርስ ግን ቁም ነገር ተናገረ። «ነጋዴ ርካሽ ነው አይልም፤ ዋጋው አይጎዳም ነው የሚለው» አለኝ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊላቸው።

ለምን አላገባሽም ብለሽ የጠየቅሽኝንም አልረሳሁትም። አሁን ግን የደንብ ልብስ ቁልፍ የሚፈልጉ ተማሪዎች ተሰልፈዋል፤ ሌላ ጊዜ።

እህትሽ እታገኘሁ



ኳላ ላምፑር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታዬ፣

«ዋጋው አይጎዳም» አለፈልሽ! ለአለቆቼ ትርጉሙን ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ «ጨዋ ነጋዴ እንዲህ ነው የሚናገረው» ብያቸው ተስማሙ። መሥሪያ ቤቴ ሞንሱን አየር አዲስ አበባ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚሰቅለው ቃል ከአክመል ሱቅ የወጣ መሆኑን ንገሪው፤ ሰሞኑን ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ድምፄንም ቀድተውታል። ከአዲስ አበባ በሚነሳው አውሮፕላን ውስጥ «ቀበቶዎን ያጥብቁ» የምትለው እህትሽ ናት። በትንሹ ካቢን ቆመን እንለማመዳለን፤ እውነተኛ አውሮፕላን አይደለም፣ ወንበርና በር ያለው ክፍል ነው። እሳት ተነሣ፣ ውሃ ላይ ወደቅን እያልን ስንጮህ እንውላለን።

አሁን የምሥራቼን ስሚ። የመጀመሪያው በረራ ቀን ተቆርጧል። ዓርብ ኅዳር 19 ከዚህ ተነሥተን አዲስ አበባ እናድርና ቅዳሜ እንመለሳለን። አሰላ መጥቼ አንቺን የማይበት ጊዜ የለም፤ እሱ ሲያበሳጨኝ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር አስታወቁን፦ በዚያ በረራ እያንዳንዳችን አንድ ወላጅ ይዘን መምጣት እንችላለን። ከአዲስ አበባ አብረሽኝ ትሳፈሪና አንድ ሳምንት እኔ ጋ ሰንብተሽ በሚቀጥለው ትመለሻለሽ። ቪዛውን መሥሪያ ቤቱ ይጨርሳል። እማማን ለማሳከም ስታስቢ ያወጣሽው ፓስፖርት ደግሞ ቀኑ አላለፈም፤ ቅጂውንም አስገብቼዋለሁ።

ችግሩ «ወላጅ» ያሉት እናት ወይም አባት ብቻ ነው፤ እህት አይልም። አባባም እማማም የሉንም። ይህን ልነግራት ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ገባሁ፤ ማርጋሬት ትባላለች፣ እንግሊዛዊት ናት። ገና አፌን ሳልከፍት የሁለታችንን ስም ከተጠሪዎች መዝገብ አየችው። ሴና ገብረ መድህን፣ እታገኘሁ ገብረ መድህን። «አሃ፣ እናትሽ!» ብላ የእናት ስም በሚለው ቦታ ላይ ጻፈችሽ! ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት አልነግርሽም። በእነሱ ቤት እናትና ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ። በእኛ አገር እናትና ልጅ የአባት ስማቸው አንድ ከሆነ ጉድ ፈላ ማለት ነው ብዬ እንዴት ላስረዳት? ዝም አልኩ።

እና እታዬ፣ ዝም እንዳልኩ ልቀር ነው። ጡጦ የያዝሽልኝ አንቺ፣ ለወላጅ ስብሰባ የመጣሽው አንቺ። ለአንድ ሳምንት በወረቀት ላይ ብቻ እናቴ ብትሆኚ እግዜርም አይቀየመን። የሚጠበቅብሽ መምጣት ብቻ ነው። እሺ በዪኝ።

ያንቺው ሴና



አሰላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሴና፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጓደኞችሽ ደህና ናቸው? ምግቡስ ተስማማሽ? እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው። ብርዱ ጀምሯል። የአክመል ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ አንቺንም ሰላም በይልኝ ብላለች። ቤቱን ቀለም ላስቀባው አስቤ ሰማያዊ ይሁን ቢጫ እያልኩ ነው። አንቺ የቱ ይሻላል ትያለሽ?

ስለ ጉዞው አስበሽልኛል፤ ተባረኪ። ግን አልችልም። ሱቁን ለማን ትቼው እመጣለሁ? ጉልበቴም አሥር ሰዓት መቀመጥ አይችልም። ከፍታም አልወድም፤ በቆጂ ድረስ በአውቶቡስ ስሄድ እንኳ ጆሮዬ ይደፈናል።

ደግሞ እናት ብለሽ አትጻፊኝ። እባክሽን ሴና። ሌላ የምትይኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ይህን ግን አስተዪኝ። በዚያ ቦታ ላይ እማማን ጻፊያት። ሙሉዬ ብለሽ። ያሳደገችሽ እሷ ናት።

ወረቀቱ የራሰው ሻይ ደፍቼበት ነው። ሌላ እንዳይመስልሽ።

እታገኘሁ



ኳላ ላምፑር፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታዬ፣

ቢጫ ይሻላል።

እንዳልሽው አድርጌያለሁ። ማርጋሬት ቢሮዋ አልነበረችም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ማስታወሻ ትቼላት መጣሁ። በእኔ በኩል ያለው ቅጽ ላይ ስምሽን ሰርዤዋለሁ። የሞተ ሰው አይጻፍም ስለተባለ እማማንም አልጻፍኳትም። ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።

የሌሎቹ እናቶች ይመጣሉ። የፊሊፒንሷ ልጅ እናት አሳ ነጋዴ ናት፤ በሕይወቷ ከደሴቷ ወጥታ አታውቅም፣ እሷ ትመጣለች። ምሳ ላይ ሁሉም ስለ እናቱ ሲያወራ እኔ ስለ አንቺ ነበር የማወራው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ያቺ መምህርት በመታችኝ ቀን መቀስሽን እንደያዝሽ ትምህርት ቤት ድረስ መምጣትሽን ነግሬያቸው ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።

ጉልበትሽን አውቀዋለሁ፤ ሱቁንም አክመል ይጠብቅልሻል። ምክንያቱ እሱ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። እናቷ ተብሎ ከእኔ ጋር መጻፍ ያን ያህል ምንሽን ነካው? አፍረሽብኝ ነው?

ሴና



አሰላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሴና፣

አፍሬብሽ አላውቅም። ሌላውን ባታነቢው እንኳ ይህችን አንብቢ።

ዛሬ ሱቄን አልከፈትኩም። አክመል ሁለት ጊዜ አንኳኩቶ «ታመምሽ እንዴ?» አለኝ፤ ደህና ነኝ ብዬ መለስኩት። ጽሕፈቴ ካላማረ ይቅር በዪኝ።

ውሸት ጻፊልኝ ማለትሽ ቢሆን ኖሮ እሺ እልሽ ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ አንዲት ቅጽ አትከብደኝም። ግን ያቺ ማርጋሬት ውሸት አልጻፈችም። ምንም ሳታውቅ እውነቱን ጻፈችው። ሴናዬ፣ የወለድኩሽ እኔ ነኝ።

ቁጭ በዪ። ውሃ ጠጪ። ከዚያ ቀጥዪ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል። ቱሳ የሚባል የበቆጂ ልጅ አሰላ ቤት ተከራይቶ ከእኔ ጋር ይማር ነበር። ሒሳብ ያስጠናኝ ነበር፤ አማርኛው ሲጠፋበት በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፣ እኔም ሳልረዳው ተረድቻለሁ እለዋለሁ። እወደው ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ጻፍኩት። ማርገዜን ስነግረው አልሸሸም። ሽማግሌ የምልክበትን ሠርቼ ልምጣ ብሎ ኦጎልቾ ወረደ፣ ሽንኩርት እርሻ ላይ። እኛ ደገኞች ወባን የት እናውቃለን? በሦስተኛው ሳምንት መሞቱን ሰማሁ። እንዳላለቅስ ተከለከልኩ። ማንሽ ነው ብባል ምን እላለሁ?

አባባን ታውቂዋለሽ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ፣ ከስሙ በቀር ሀብት የለኝም የሚል ሰው። ሦስት ቀን አላናገረኝም። እማማ ናት የቆረጠችው። «ልጅቷ ትማር። ሕፃኑን እኔ ወለድኩት እላለሁ» አለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር! ሆዷ ላይ ጨርቅ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ «ሳራ መጣች» ይሏት ነበር። እኔን ሁሩታ አክስቴ ቤት ላኩኝ። እማማም ልትወልድ ነው ተብላ ተከተለችኝ፤ እዚያ ወለድኩሽ። አሰላ ስንመለስ አንቺ በእማማ እቅፍ ነበርሽ፣ እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህትሽ ሆንኩ። ስሜም ቀድሞ የተሰናዳ ይመስል፣ እት አገኘሁ።

እንዳልነግርሽ ለአባባ በመስቀል ምዬለት ነበር። እሱ ሲያርፍ እማማ አለች አልኩ። እማማ ልታርፍ ስትል «ንገሪያት» አለችኝ፤ አንቺ ፈተና ላይ ነበርሽ። ከዚያ ሥራ ያዝሽ፣ ከዚያ ተጓዝሽ። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት ሞልቶ ነው።

ለምን አላገባሽም ላልሽኝ ደግሞ፤ ሁለቴ ተጠይቄያለሁ። ሁለቱም ደህና ሰዎች ነበሩ። እህት አግብታ ከቤት ትወጣለች፣ ወግ ነው። እኔ ግን እንዴት አድርጌ ካንቺ ልለይ?

ሰረዝኩሽ ስትዪኝ ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ይኸው ነው።

እታገኘሁ



አሰላ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሴና፣

የቴሌግራሙን ሁለት ምልክት አይቻለሁ፤ አንብበሽዋል። ባትመልሺልኝ አልፈርድብሽም። ደህና መሆንሽን ብቻ በአንዲት ቃል አሳውቂኝ፤ ለእኔ ካልሆነ ለአክመል ላኪለት።

አንድ ነገር ከእኔ ሳትሰሚው ከሌላ እንዳይደርስሽ ልንገርሽ። የልደት ወረቀትሽን ላስተካክል ቢሮ ሄጄ ነበር። «እናትዋ ሙሉዬ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ይህን የሚለውጥ ፍርድ ቤት ነው» አሉኝ። ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስት ምስክር አምጪ ተብያለሁ። ለጉዞው ብዬ አይደለም፣ የጉዞው ቀን ደርሷል፤ እኔም እንደማልመጣ አውቃለሁ። አንዴ ለአንቺ ከነገርኩሽ ወዲያ ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ ማየት አልቻልኩም።

ቤቱን ቢጫ አስቀብቼዋለሁ።

እታገኘሁ



ኳላ ላምፑር፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ያለ መጀመሪያ እጽፋለሁ።

ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። አንድ ቀን ብቻ በልምምድ ላይ በሩን መክፈት ረስቼ አሠልጣኙ «ሁሉም ሰው ሞቷል» ብሎ ጮኸብኝ።

ተቆጥቻለሁ። በማን እንደምቆጣ ግን አላውቅም፤ ሁሉም ሞተዋል፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ፤ ባንቺ መቆጣት ደግሞ አላውቅበትም፣ አላስተማርሽኝም። ከሁሉ የከፋኝን ልንገርሽ? እማማን እንደ እናት ነው የቀበርኳት። ጠጉሬን ተላጭቼ፣ ዓመት ጥቁር ለብሼ። በአንድ ደብዳቤ አያቴ አደረግሻት። ያንን ሁሉ ለቅሶ አሁን የት ነው የማኖረው? እናቴን ያጣሁ ሰው ነኝ ብዬ አራት ዓመት ስኖር አንቺ ጎኔ ቁጭ ብለሽ «እግዜር ያጽናሽ» ትይኝ ነበር። ያን ጊዜ እንዴት ቻልሽው? ልወቅስሽ አይደለም፣ በእውነት ለማወቅ ነው።

ልጠይቅሽ። አጥብተሽኛል? ስሜን ማን አወጣው? የእሱ ዘመድ የሆነ ሰው አለኝ?

በረራው ተላልፏል። ከሌላ ኩባንያ የምንከራየው አውሮፕላን በጊዜው አልደረሰም፤ ከአዲስ አበባ የምንነሣው ከገና በኋላ ቅዳሜ ጥር 2 ይሆናል ተብሏል። ይህን የነገርኩሽ እንድትመጪ አይደለም። ወይም ነው። አላውቅም።

ፍርድ ቤት ብቻሽን ቆመሽ ሳስብሽ ሆዴ ይባባል። የከተማው ሰው ሁሉ ሊያወራብሽ ነው።

ሴና



አሰላ፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሴናዬ፣

ደብዳቤሽን ሳየው ተነሥቼ ቆምኩ። ቆሜ ነው ያነበብኩት።

አጥብቼሻለሁ። አርባ ቀን፣ ሁሩታ። ከዚያ እማማ የላም ወተት አስለመደችሽ። አንቺ ለመድሽ፤ እኔ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የጎረቤት ሕፃን ካለቀሰ ሸሚዜ ይርስ ነበር። ሁለት ሹራብ ደርቤ እገባለሁ። በአሰላ ብርድ ሁለት ሹራብ ማንም አይጠረጥርም።

ስምሽን ያወጣው ቱሳ ነው። ወደ ኦጎልቾ ሊወርድ ሲል «ሴት ከሆነች ሴና በያት» አለኝ፤ በእነሱ ቋንቋ ታሪክ ማለት ነው። እኔ ከዚህ ስም ንቅንቅ አልልም አልኩ፤ የጠየቅሁት ያንን ብቻ ነበር። አባባ ቄሱን «ሲና ተራራን ለማለት ነው» ብሎ አሳመናቸው። ሲዋሽ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እንዴት ቻልሽው ላልሽኝ፣ አልቻልኩትም። እማማን እንደ እናት መቅበርሽ ግን ስህተት አይደለም። እናትሽ ነበረች። እኔም ብሆን ካንቺ እኩል ነው እሷን ያጣሁት። ለቅሶሽን ካኖርሽበት አታንሺው።

አሁን የችሎቱን ልንገርሽ፤ ሳልስቅ መጻፍ አልቻልኩም። ሦስት ምስክር ከየት አመጣለሁ ብዬ ሳምንት ስሰቃይ ቆየሁ። በመጨረሻ ነፍሴን ለእግዜር ሰጥቼ አክመልን ውስጥ ጠራሁትና በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ጨርቁን ያጥፋል። ስጨርስ «እና መቼ ነው ችሎቱ?» አለኝ። አልገረመህም ወይ ብለው፣ «እታገኘሁ፣ እኔ እዚህ ሱቅ የገባሁት ልጅቷ ስትድህ ነው። አንቺ ራስሽ የማታውቂው መስሎኝ ነበር እኮ!» አለኝ። ወላሂ ብሎ ማለ።

ሁለተኛዋ ኤፊ ናት። ያቺ በየገበያው ቀን ከበቆጂ እየመጣች ከእኔ ክር የምትገዛው፤ ጸጉርሽን ስትዳብስሽ የምትሸሺያት ሴትዮ። የቱሳ ታላቅ እህት ናት። ዘመድ አለኝ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ እሷ ነች። ያኔ ሳያት እደነግጥ ነበር፤ እሷም አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። መስክሪልኝ ብላት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ያ ረቢ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክር የገዛሁት የምሰፋው ኖሮኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቤቷ አንድ ሙሉ ሳጥን ክር አላት። ተቃቅፈን ለቱሳ አለቀስንለት፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቼ።

ሦስተኛዋ የሁሩታ አክስቴ ናት፤ በምርኩዝ መጣች። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነች። «ይህን ሁሉ ዘመን ቆይተሽ ለምን ዛሬ?» አለችኝ። «ልጄ ከቅጽ ላይ ሰርዛኝ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው።

የከተማው ሰው ያወራብሻል ላልሽኝ፣ ማንም አላወራም ሴና። የሚያወሩትን ድሮ ጨርሰው ነበር። ገመናዬን ስደብቅ የኖርኩት ከአንቺ ብቻ ነው ለካ። ይቅር በዪኝ የምልሽም ለዚህ ነው።

አዲሱን የልደት ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። የእናት ስም የሚለውን አንብቢው።

እታገኘሁ



ኳላ ላምፑር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

አንብቤዋለሁ። ብዙ ጊዜ።

ወረቀቱን አትሜ ይዤ ማርጋሬት ዘንድ ሄድኩ። የእናቴን ስም ማስገባት እፈልጋለሁ፣ ጊዜው ካላለፈ አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ኮምፒውተሩን አየችና ግራ ተጋባች። «ገብታለች እኮ» አለችኝ። የተውኩላትን ማስታወሻ ጽዳቶቹ ጠርገውት ይሁን ምን አልደረሳትም። ጥቅምት ላይ እንደጻፈችሽ አለሽ። ወንበርሽ አለ፣ ቪዛሽ ወጥቷል። ወረቀቱን እንኳ አገላብጣ አላየችውም፤ ስማችሁ አንድ ነው፣ ይህ ለምን አስፈለገ አለችኝ።

ለእነሱ አላስፈለገም። እኔ ግን አጥፌ የበረራ ልብሴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ነይ። ጥር 2 ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ። አሁን የምጠይቅሽ በቅጹ ምክንያት አይደለም። ለኤፊም ጻፊልኝ፣ ወይም ንገሪልኝ፤ ጸጉሬን ትዳብሰኝ፣ አልሸሽም።

ሴና



አሰላ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሴናዬ፣

እመጣለሁ። ሱቁን አክመል ይጠብቃል፤ ከአሁኑ ዋጋ አውቄያለሁ እያለ አንድ ዚፕ በግማሽ ዋጋ ሸጦብኛል።

ሻንጣው ሰባት ኪሎ ብቻ ብላችሁ ሰውን አሰቃያችሁ። ከእህል ነጋዴው ከሁሴኖ ሚዛን ላይ ሦስቴ አወጣሁ አወረድኩ። ኤፊ ጭኮ አዘጋጅታ ልካለች፤ በገብስ ዱቄትና በቅቤ የተለወሰ ነገር እንደ ድንጋይ ይመዝናል ለካ። እሷ የላከችውን አልቀንስም ብዬ ልብሴን ቀነስኩ። ሁለቱን ቀሚስና ሹራቡን ደራርቤ ለብሼ እሳፈራለሁ፤ ለለበሱት ልብስ እንደማታስከፍሉ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

አንድ ነገር አስጨንቆኛል። እዚያ ባልደረቦችሽ አሉ፣ አለቃሽም ትኖራለች። በሰው ፊት ምን ብለሽ ትጠሪኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እታዬ በዪኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አቤት ያልኩበት ስም ነው፣ አይከፋኝም። ሌላውን ካፍሽ ካልወጣ አታስገድጂው። አንቺን ማየቱ ይበቃኛል።

እታገኘሁ



ኳላ ላምፑር፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነገ ማለዳ ስለምንነሣ አጭር ናት።

እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከልምምድ በኋላ ሁሉም የወጣ መስሎኝ ትንሹ ካቢን ውስጥ ቀረሁ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ሞከርኩት። አልወጣ አለኝ። ከዚያ የማስታወቂያውን ማይክ ያዝኩ፤ ማይክ ስይዝ አፌ አያፍርም፣ ሥራዬ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማ!» አልኩ።

ማይኩ ክፍት ነበር። ሕንፃውን በሙሉ አስተጋባው። በሩን ከፍተው ሮጠው መጡ፤ አሠልጣኙ፣ ልጆቹ፣ ማርጋሬት ሳትቀር። በእኔ ቋንቋ ስለሆነ ምን እንዳልኩ አያውቁም ብዬ ተጽናናሁ። የአገሩ ልጆች ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ለካ በእነሱም ቋንቋ እናት «እማ» ናት፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ይቆርጣሉ እንጂ ያው ናት። አንዷ እጄን ይዛ «እናትሽ የት አለች?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ትመጣለች» አልኳት።

ልጅሽ ሴና